ቦዲ ወይስ ሌንስ? የዱር እንስሳትን ፎቶ ማንሳት ለምታስቡ



ባለፈው ወር ከተለያየ ዲፓርትመንት የተሰባሰብን ስድስት ልጆች ለካሜራ ገንዘብ አዋጣን። በሴሚስተር እረፍት ኢንሻአላህ ወደ ባሌ ተራሮች ለመሄድ አስበናል። ሁለቱ ለመመረቂያ ጽሑፋቸው የእንስሳት ፎቶ ያስፈልጋቸዋል፤ የቀረነው ፍቅሩ ስላለን ብቻ ነው። ከመካከላችን የአንዷ ታላቅ እህት ዱባይ ትሠራለችና ለእረፍት ስትመጣ ዕቃውን ልታመጣልን ቃል ገባች። ክርክሩ የተነሳው ታዲያ እዚህ ላይ ነው። ገንዘቡ የስድስት ተማሪ የኪስ ገንዘብ ነው፤ አንዱ ከምረቃ ፎቶ ያጠራቀመው፣ ሌላዋ ሕፃናት አስጠንታ ያገኘችው። ከዱባይ የመጣ ዕቃ ደግሞ "አልተስማማንም" ተብሎ አይመለስም።

ገሚሱ "መጀመሪያ ጥሩ ቦዲ እንግዛ፣ ሌንሱ ቀስ ብሎ ይመጣል" አለ። እኔ ተቃራኒውን ያዝኩ። ምክንያቱም ያንን ስህተት በራሴ ገንዘብ ሠርቼዋለሁ።

የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ያገለገለ ፉል ፍሬም ካሜራ ከ24-105 ሚሜ ሌንስ ጋር ገዛሁ። ሻጩ አልዋሸኝም፤ ለሠርግና ለምረቃ ሸጋ ካሜራ ነው። ያንን አንጠልጥዬ ሳነቴ አምባ ላይ ወጣሁ። አልሐምዱሊላህ፣ በመጀመሪያው ጠዋት ቀይ ቀበሮ አየን። ከመንገዱ 60 ሜትር ያህል ርቆ የፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ አድፍጦ ቆሟል። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡ አዋቂዎች ብቻ የቀሩት እንስሳ ነው። መቶ ያህል ፎቶ አነሳሁ። ማታ በላፕቶፕ ስከፍተው ሰፊ ሜዳ፣ ሰፊ ሰማይ፣ መሃል ላይ ደግሞ ቀይ ነጥብ። ዶርም ውስጥ ያሳየኋቸው ልጆች "የታለ ቀበሮው?" ይሉኝ ነበር።

ስህተቱ የት እንደነበር በቀላል ሒሳብ ይታያል። ሴንሰር ላይ የሚያርፈው የእንስሳው ምስል መጠን የሚገኘው የእንስሳውን ርዝመት በሌንሱ ሚሊ ሜትር አባዝቶ ለርቀቱ በማካፈል ነው። ቀይ ቀበሮ ከራስ እስከ ጭራው መነሻ አንድ ሜትር ገደማ ነው እንበል። በ105 ሚሜ ሌንስ ከ60 ሜትር ርቀት ሲታይ ሴንሰር ላይ የሚያርፈው 1.75 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የፉል ፍሬም ሴንሰር ስፋት 36 ሚሊ ሜትር ነው። ካሜራው 24 ሜጋፒክስል ከሆነ፣ ማለትም በወርዱ 6000 ፒክስል ካለው፣ ለቀበሮው የደረሱት 290 ያህል ናቸው። የቀሩት ሣርና ደመና ላይ ባክነዋል።

አሁን ሌንሱን ወደ 400 ሚሜ ቀይሩት፤ ቦዲውን ደግሞ ሴንሰሩ ትንሽ በሆነው፣ ኤፒኤስ-ሲ በሚባለው ዓይነት ተኩት። የካነን ኤፒኤስ-ሲ ሴንሰር ወርድ 22.3 ሚሊ ሜትር ነው። ያው ቀበሮ፣ በዚያው ርቀት፣ አሁን 6.7 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ሴንሰሩ እንደ ቀድሞው 24 ሜጋፒክስል ከሆነ ወደ 1800 ፒክስል ይደርሰዋል። በአንድ ጎን ስድስት እጥፍ ነው። ይህ ፎቶ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ የመጀመሪያው ስልክ ላይ እንኳ አያምርም። ከቦዲ ጋር የተያያዘ የትኛውም ብልጠት ይህን ልዩነት አይሞላውም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ላንሳ። "ኤፒኤስ-ሲ ላይ 400 ሚሜ ሌንስ 640 ይሆናል" ሲባል ትሰማላችሁ። ለካነን በ1.6፣ ለኒኮን፣ ለሶኒና ለፉጂፊልም በ1.5 ይባዛል፤ የኦሊምፐስና የፓናሶኒክ ማይክሮ ፎር ሰርድስ ደግሞ በ2። ሌንሱ ግን አልረዘመም። ሴንሰሩ የምስሉን መሃል ብቻ ቆርጦ ስለሚወስድ ነው። ጥቅሙ እውነተኛ የሚሆነው በዚያች ትንሽ ቦታ ላይ ብዙ ፒክስል ስለተደረደረ ነው። ፉል ፍሬም በጨለማ ይሻላል የሚባለውም ትክክል ነው፤ ነገር ግን ያ ጥቅም የሚገኘው እንስሳው ፍሬሙን ሲሞላው ነው። ሁልጊዜ ከሩቅ እያነሳችሁ ዳር ዳሩን የምትቆርጡት ከሆነ ገንዘብ የከፈላችሁበትን ሴንሰር ቆርጣችሁ እየጣላችሁ ነው። ለጀማሪና ኪሱ ለሳሳ ሰው ኤፒኤስ-ሲ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ስለ ብርሃን ደግሞ እንነጋገር፤ ሌንሶች በዋጋ ሰማይና ምድር የሚራራቁት በዚህ ነው። ኤፍ ከሚለው ምልክት ቀጥሎ ያለው ቁጥር ባነሰ መጠን የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል። ከኤፍ 5.6 ወደ ኤፍ 8 ስንሄድ ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል፤ ኤፍ 11 ላይ ሩቡ ብቻ ይቀራል። 400 ሚሜን ለ8 ስታካፍሉት 50 ይመጣል፤ ይህ ማለት ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ 50 ሚሊ ሜትር ነው። ለ2.8 ስታካፍሉት 143 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የሻይ ሳህን የሚያህል መስታወት መሥራት ማለት ነው። ስለዚህ የካነን አርኤፍ 400 ሚሜ ኤፍ 2.8 ወደ 2.9 ኪሎ ይመዝናል፤ ለገበያ ሲወጣ ዋጋው 12,000 ዶላር ነበር። እሱን ለቴሌቪዥን ድርጅቶች እንተወው።

ለኛ የሚሆኑት ቀዳዳቸው ጠበብ ያሉት ናቸው። የካነን አርኤፍ 100-400 ሚሜ ኤፍ 5.6-8 በ2021 ሲወጣ 650 ዶላር ነበር፤ ክብደቱ 635 ግራም ብቻ ነው። በሶኒ በኩል ለኤፒኤስ-ሲ የተሠራው 70-350 ሚሜ ኤፍ 4.5-6.3 አለ፤ እሱም 625 ግራም ነው። ኒኮን ለትንንሾቹ ቦዲዎቹ 50-250 ሚሜ አለው፤ 405 ግራም ይመዝናል፤ ርቀቱ ግን አጭር ነው፣ ለወፍ አያጠግብም። ከዚያ ወደ ትላልቆቹ እንሄዳለን፦ የሶኒ 200-600፣ የኒኮን 180-600፣ የካነን 200-800። ሦስቱም ሁለት ኪሎ ገደማ ናቸው፤ ሲወጡ ዋጋቸው ከ1,700 እስከ 2,000 ዶላር ነበር። ጥሩ ሌንሶች ናቸው፤ ገንዘቡ ካለና ከመኪና ላይ ሆኖ ለሚያነሳ ሰው ከነሱ ውጭ አልመክርም።

ነገር ግን ሳነቴ ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር አካባቢ ነው። እዚያ ላይ አሥር እርምጃ ሮጦ ያላለከተ ካለ ይንገረኝ። ሁለት ኪሎ ሌንስ፣ ቦዲ፣ ውኃና ጃኬት ተሸክማችሁ ቀኑን ሙሉ ስትሄዱ ከዙህር በኋላ ሌንሱ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፤ ቦርሳ ውስጥ ያለ ሌንስ ደግሞ ፎቶ አያነሳም። እኔ ከስድስት መቶ ግራሙ ጎን የቆምኩት በዋነኛነት ለዚህ ነው።

ርካሽ ሆኖ ሩቅ የሚያደርስ አለ ወይ ለምትሉ፣ ካነን በ2020 ያወጣቸው 600 እና 800 ሚሜ ኤፍ 11 አሉ። 600ው 930 ግራም ነው፤ ሲወጣ 700 ዶላር ነበር። ሜዳ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ለሐይቅ ወፍ ይሠራሉ። ነገር ግን ቀዳዳቸው አይሰፋም፣ አይጠብም፤ ዙም የላቸውም፤ 600ው ከ4.5 ሜትር፣ 800ው ከ6 ሜትር የቀረበን ነገር አይይዙም። ሐረና ጫካ ውስጥ ጉሬዛ ላነሳ ብትሉ ምስሉ በጨለማው ምክንያት ሻካራ ይሆናል። ለሁለተኛ ሌንስነት እንጂ ለመጀመሪያ አይሆኑም ባይ ነኝ።

ለጫካ የተገላቢጦሽ ነው። ዲንሾ አካባቢ የደጋ አጋዘንና የምኒልክ ድኩላ በዛፍ ጥላ ስር በቅርብ ይገኛሉ፤ ሰሜን ተራሮች ላይም ጭላዳ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ሣሩን ይነጫል። እዚያ የሚያስፈልገው ርቀት ሳይሆን ብርሃን ነው፤ ያገለገለ 70-200 ሚሜ ኤፍ 4 ከማንኛውም 600 ይበልጣል። ሐዋሳ ዓሣ ገበያ ያሉት አባ ኮዳዎችማ ዓሣችሁን ካልነጠቁ ይመስገን፣ ለነሱ ስልክ ይበቃል።

አሁን ወደ ቦዲው ልመለስ። ሚረርለስ የሚባለው ስሙ እንደሚለው መስታወት የሌለው ማለት ነው። በድሮዎቹ ዲኤስኤልአር ካሜራዎች ብርሃኑ በመስታወት ተንጸባርቆ ወደ ዓይናችሁ ይሄድ ነበር፤ ፎከስ የሚፈልገው ደግሞ ሌላ ክፍል ነበር። ሚረርለስ ላይ ሁሉንም የሚያየው ሴንሰሩ ራሱ ነው። ስለዚህ ካሜራው ከፊቱ ያለው እንስሳ መሆኑን ለይቶ፣ ዓይኑን ፈልጎ፣ እዚያው ላይ ፎከስ ሊያደርግ ይችላል። ለዱር እንስሳት ፎቶ ከመጡ ለውጦች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ከረዥም ሣር ጀርባ ያለን ቀበሮ የድሮው ካሜራ ሣሩን ይይዝ ነበር፤ አዲሱ ብዙ ጊዜ ዓይኑን ይይዛል።

ችግሩ ሁሉም ሚረርለስ ይህን አለመቻሉ ነው፤ ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ ተጠንቀቁ። የካነን ኢኦኤስ አርና ኢኦኤስ አርፒ ፉል ፍሬም ሆነው በጥሩ ዋጋ ይገኛሉ፤ የሚያውቁት ግን የሰው ዓይን ብቻ ነው። የሶኒ ኤ6400 በ2019 በመጣለት ማሻሻያ የእንስሳ ዓይን ይለያል፤ የወፍ ግን አይለይም። በ2023 የወጣው ኤ6700 ወፍም ያውቃል። ከካነን በኩል በ2022 የወጡት አር7 እና አር10 ሁለቱም እንስሳና ወፍ ይለያሉ። ከኒኮን በ2024 የወጣው ዜድ50 ሁለተኛው ለወፍ ለብቻው የተዘጋጀ ምርጫ አለው።

እኛ የተከራከርነው በአር7 እና በአር10 መካከል ነበር። አር7 ሲወጣ 1,500 ዶላር፣ አር10 ደግሞ 980 ነበር። ሁለቱም በሜካኒካል ሻተር በሰከንድ 15 ፎቶ ያነሳሉ። አር7 32.5 ሜጋፒክስል ነው፣ ሁለት ካርድ ይይዛል፣ ባትሪው ትልቅ ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሴንሰሩ ራሱ የእጅ መንቀጥቀጥን ያረጋጋል። አር10 ይህ የለውም፤ ማረጋጊያ ያለው ሌንስ ላይ ነው የሚደገፈው። 100-400ው ማረጋጊያ አለው፣ ስለዚህ ለኛ ብዙም አይጎዳም። ያለ ማረጋጊያ የተሠራ አሮጌ ሌንስ፣ ለምሳሌ የካነን ኢኤፍ 400 ሚሜ ኤፍ 5.6፣ ልትጠቀሙ ካሰባችሁ ግን ለአር7 መጨመሩ ያዋጣል።

ማረጋጊያ ሲባል የእናንተን እጅ እንጂ እንስሳውን አያቆምም። ለሚበር ወፍ ሻተሩ 1/2000 ሰከንድ አካባቢ ይሁን፤ ለቆመ ቀበሮ 1/500 ይበቃል። በኤፍ 8 ሌንስ በማለዳ ይህን ለማግኘት አይኤስኦውን 3200ና ከዚያ በላይ ማድረስ ያስፈልጋል። ምስሉ ትንሽ አሸዋ አሸዋ ይላል። ይበል፤ አሸዋው በሶፍትዌር ይቀንሳል፣ የተንቀጠቀጠ ፎቶ ግን አይድንም። ድምፅ አልባው ኤሌክትሮኒክ ሻተርም ፈታኝ ነው። አብዛኞቹ ርካሽ ካሜራዎች ሴንሰሩን ከላይ ወደ ታች በዝግታ ስለሚያነቡት የሚበር ወፍ ክንፍ ተጣሞ ይወጣል። እንደ ኒኮን ዜድ8 ያሉ ፈጣን ሴንሰር ያላቸው ከዚህ ነጻ ናቸው፤ ዜድ8 ግን 4,000 ዶላር ነበር።

ያገለገለ ሌንስ ለምትፈልጉ የካነን ሰዎች በዚህ ዕድለኞች ናችሁ። በአዳፕተር አማካይነት የድሮዎቹ ኢኤፍ ሌንሶች አዲሶቹ ቦዲዎች ላይ ፎከሳቸው ሳይጎድል ይሠራሉ፤ ብዙ ሰው ዲኤስኤልአሩን እየሸጠ ስለሆነ ሌንሶቹም ይገኛሉ። በኒኮን በኩል ጠይቁ፤ ሞተራቸው ሌንሱ ውስጥ ያልሆነ፣ ኤኤፍ-ዲ የሚባሉት አሮጌ ሌንሶች በኒኮን ኤፍቲዜድ አዳፕተር ፎከሳቸው በእጅ ብቻ ነው። በሶኒ በኩል ደግሞ ሲግማና ታምሮን በቀጥታ የሚገጠሙ ረዣዥም ዙሞች ይሠራሉ፤ የሲግማው 100-400 ወደ 1.1 ኪሎ ነው። ስትገዙ የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ ከሌንሱ ጀርባ ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ትንሽ አቧራ ምንም አይደለም፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካያችሁ ፈንገስ ነው፣ ተዉት። ዙሙን እስከ መጨረሻው አውጥታችሁ ከሩቅና ከቅርብ ፎከስ እንዲያደርግ ሞክሩት። ሻጩ "ባትሪ የለኝም፣ ቤት ወስደህ ሞክረው" ካለ፣ ባትሪ ተውሳችሁ ተመለሱ እንጂ እሺ አትበሉ።

አንድ ነገር ግን ገንዘብ አይፈታውም። ሌሊት የቀዘቀዘ መሬት ፀሐይ ሲያገኘው አየሩ እንደ ፈላ ውኃ እንፋሎት ይንቀጠቀጣል። አብያታ ሻላ ዳርቻ ላይ ሆነ ሳነቴ ላይ፣ ረፋዱ ላይ ሩቅ ያለ እንስሳ ብታነሱ 12,000 ዶላር የሚያወጣውም ሌንስ የደበዘዘ ምስል ነው የሚሰጣችሁ። መድኃኒቱ መቅረብና ማለዳ መውጣት ነው። ለኛ ማለዳው አይከብደንም፤ ሱብሒ ሰግደን ብንወጣ ብርሃኑ ሲለሰልስ እንደርሳለን። ከዐስር በኋላ ያለውም ጥሩ ነው። ቀይ ቀበሮ ከሌሎች ቀበሮዎች በተለየ ቀን ቀን ስለሚያድን ሌሊቱን መጠበቅ አያስፈልግም።

መቅረብ ስል ማሳደድ ማለቴ አይደለም። ከ60 ሜትር ወደ 30 ሜትር መቅረብ ሌንሱን ከ400 ወደ 800 እንደ መቀየር ነው፤ ግን እንስሳው ራሱ ሲመጣ ነው እንጂ እናንተ ስትሄዱበት ይሸሻል፣ ያድን የነበረውንም ፍልፈል ያጣል። ሳነቴን መኪና የሚሄድበት መንገድ ያቋርጠዋል። መኪናውን አቁማችሁ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ መስኮቱ ላይ ሽምብራ የሞላ ከረጢት አስቀምጣችሁ ሌንሱን አስደግፉ። ሞተሩ ከሠራ ንዝረቱ ፎቶውን ያበላሸዋል። ከዚያ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ሌንስ ተውሼ በዚህ መንገድ አርባ ደቂቃ ጠበቅሁ፤ ቀበሮው በፍልፈል ጉድጓዶች ላይ እየተዘዋወረ 25 ሜትር ድረስ መጣ።

በመጨረሻ አር10 እና 100-400 ላይ ተስማማን። ለአር7 ይጨመር የነበረውን ለትራንስፖርት፣ ለፓርክ መግቢያና ለሁለት ተጨማሪ ባትሪ አዋልነው። የአር10 ባትሪ ትንሽ ነው፣ ብርድ ደግሞ ባትሪን ቶሎ ያደክማል፤ ትርፎቹን ከጃኬት ውስጥ፣ ከሰውነት አጠገብ መያዝ ያስፈልጋል። የቦዲ ወገን የነበረው ወንድማችን አሁንም ሙሉ በሙሉ አላመነም። ፉል ፍሬም እንገዛ ነበር እያለ ነው። ወላሂ የኔን ቀይ ነጥብ አሳየሁት፣ "ነጥቡ ግን ጥርት ያለ ነው" አለኝ።

ዕቃው ሲደርስ ከጉዞው በፊት ለሦስት ሳምንት እዚሁ ግቢ ውስጥ እንለማመድበታለን። ሣር ሜዳው ላይ ረዥም ምንቃራቸውን እየወጉ ትል የሚለቅሙትን፣ ሲነሱ ግቢውን በጩኸት የሚያናውጡትን ወፎች ታውቋቸዋላችሁ፤ የሚገኙት በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ነው። የሚበር ወፍ መከተል ለመልመድ ከነሱ የተሻለ የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዐስር በኋላ ላይብረሪው ፊት ለፊት እንገናኛለን። ካሜራ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ የሌላችሁም ኑ፤ በተራ እናነሳለን።

ወሰላሙ ዓለይኩም።